ለቡሬ የተሰገደ ስግደት

ባለፈው ዓመት ስቅለትን ፍኖተ ሰላም ዋልሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ ሰው ሁሉ ይወድቃል፣ ይነሣል። ወደ ሠርክ ካህናቱ የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው የምእመኑን ጀርባ መታ መታ ማድረግ ጀመሩ፤ ቅጠሉ ይረግፋል፣ የረገፈውን ሰው ይረግጠዋል። የተረገጠ የወይራ ቅጠልና የአቧራ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ሲገባ እጄ ሳላዘው ሄዶ ጉልበቴን ያዘ። አጠገቤ የቆሙ ሴትዮ ያመመኝ መስሏቸው፣ "ጉልበትህን ነው ልጄ? እሱ ይማርህ" አሉኝ። ሳቄ መጣ። በስቅለት ቀን ቅጥር ግቢ ውስጥ ሳቅ ሲመጣ ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ዞር አልሁ። የሰባተኛ ክፍል በረኛ ሳለሁ እዚችው ቦታ ላይ ምን እሠራ እንደነበር እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

ዘመኑ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ትምህርቱ በፈረቃ ስለነበር ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ሜዳ ነው የምንውለው፤ እውነቱን ለመናገር ጠዋትም ልባችን ሜዳ ነበር። ከገና በኋላ አንድ ቀን የስፖርት አስተማሪያችን ቲቸር ደሳለኝ ሰልፍ ላይ ወጥተው ወሬውን ነገሩን። የክፍል ለክፍል ውድድሩን ያሸነፈ ክፍል ከፋሲካ በኋላ ቡሬ ሄዶ ከቡሬ ልጆች ጋር ይጫወታል። በመኪና። በመኪና የሚለውን ደግመው ነው ያሉት። ሰልፉ ፈረሰ፣ ዳይሬክተሩ ፊሽካ ቢነፉ ማን ይስማቸው።

ቡሬ ሩቅ ሆና አይደለም። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ በሄደ በመጣ ቁጥር ነው የሚያልፍባት። ነገር ግን ኳስ ለመጫወት ከከተማ ወደ ከተማ በመኪና የሚጓዝ ሰው እኛ የምናውቀው በሬዲዮ ብቻ ነበር። የቅርብ ጓደኛዬና አጥቂያችን ሙላት ያን ዕለት ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ፣ "ካሁን ወዲያ በስሜ የሚጠራኝ እንዳይኖር፣ አምበል በሉኝ" አለ። አልን።

እንዴት እንዳሸነፍን ብተርክ ይመሻል፤ በአጭሩ አሸነፍን። የመጨረሻው ጨዋታ ሊያልቅ ሲል ወደ ቀኝ ተወርውሬ ያወጣኋት ኳስ ዛሬም እጄ ላይ ትሞቀኛለች። ችግሩ ኳሷን ሳወጣ ጉልበቴን ሜዳው ላይ ትቼው መነሣቴ ነው። የትምህርት ቤታችን ሜዳ ሣር የሚባል ነገር አያውቅም፤ ቀይ አፈርና ጠጠር ነው፣ ጠጠሩ ደግሞ ስል ነው። ሌላው ተጫዋች በእግሩ ይጫወታል፣ በረኛ በጉልበቱ ነው የሚጫወተው። ቁስሉ ላይ እንደ ልማዳችን የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈልቅቀን ዱቄቱን ነሰነስንበትና ደስታችንን ቀጠልን።

ጉልበቴ አመረቀዘ። ጭኔ ሥር ንፍፊት ወጣ፣ ትኩሳት ያዘኝ፣ እግሬን ማጠፍ አቃተኝ። ጤና ጣቢያ ተወስጄ መርፌ ስወጋ ሰነበትሁ። ነርሷ አንድ ቀን ለእናቴ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገረቻት። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፣ ግን እናቴ ከዚያ ወዲያ ወደ ቤት እስክንደርስ ድረስ እጄን አልለቀቀችውም። ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ፊቴ ቆመች።

"ስማኝ ጌትነት። በወላዲተ አምላክ ምያለሁ። ከዚኸ ጉልበት ላይ ካሁን ወዲያ አንዲት ጠብታ ደም ካየሁ ኳስ የሚባል ነገር አለቀ። ቡሬም የለ፣ ምንም የለ። እኔ እግር ያለው ልጅ ነው የወለድሁ።"

እናቴ ብዙ ትቆጣለች፣ ቁጣዋ ያልፋል። በወላዲተ አምላክ ከማለች ግን እንኳን እኔ አባቴም አይመልሳትም። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ወይ ጉልበቴ አይደማም፣ ወይ ቡሬ አልሄድም። ሳይወድቅ ኳስ የሚይዝ በረኛ ደግሞ የት አገር እንዳለ እንጃ።

መላ ያልሞከርነው የለም። ሙላት ጉልበቴን በጨው ውኃ ስዘፈዝፍ እንድሰነብት አዘዘ፤ ተጨማደደ እንጂ አልጠነከረም። የአባቴን ወፍራም ሱሪ ለብሼ በረኛ ቆምሁ፤ ኳሷ ስትመጣ እኔ ሱሪውን ስይዝ ገባች። ቲቸር ደሳለኝ ሰውነታቸው ከባድ ቢሆንም ሜዳው ዳር ራሳቸው ወድቀው፣ "በጎንህ፣ በዳሌህና በትከሻህ፣ ጉልበትህን አጥፈህ ወደ ሆድህ" እያሉ አሳዩኝ። ሲነግሩኝ ይገባኛል። ኳሷን ሳይ ግን ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ መሬት ይደርሳል።

መፍትሔውን ያገኘሁት እቤታችን በር ላይ ነው። እማሆይ የሻረግ የአባቴ አክስት ናቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ መንኩሰው እኛ ግቢ ውስጥ ባለችው አንዲት ክፍል ይኖሩ ነበር። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲስቁ ያልታዩ ሴት ናቸው። ቆባቸውን ስናይ ጨዋታችንን ዝቅ እናደርጋለን። የዐቢይ ጾም መግቢያ ሰሞን አንድ ረፋድ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሲታጠቡ ቀሚሳቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ጉልበታቸውን አየሁት። ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ። አይቼ ማለፍ አልቻልሁም።

"እማሆይ፣ ጉልበትዎ ምን ሆኖ ነው?"

"ምን ይሆናል፣ ስግደት ነዋ።"

"አያምዎትም?"

"ቆዳው ሞቷል አንተ ልጅ። መርፌ ብትሰካበት አይሰማኝም።"

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ መቼም አልረሳውም። መርፌ የማይሰማው ጉልበት! ጠጠር ምን ሊያደርገው ነው? ስንት ጊዜ አጠገባቸው ሳልፍ እኔ እኮ መነኩሲት ብቻ ነው የማይ የነበረው። እየሮጥሁ ሄጄ ለሙላት ነገርሁት። ሙላት እጁን አገጩ ላይ አድርጎ እንደ አምበል አሰበና፣ "እስከ ፋሲካ ይደርሳል?" አለኝ። "አጥብቄ ከሰገድሁ ይደርሳል" አልሁ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ጾም ስለሆነ ቅዳሴው የሚወጣው ከሰዓት ነው፤ ምእመኑ በየዛፉ ሥር ይሰግዳል። ሌላው ሰው አጎዛም ሆነ ጋቢ ከሥሩ ያነጥፋል። እኔ ጠጠር የበዛበትን ቦታ በዓይኔ ፈልጌ ሱሪዬን ጠቅልዬ በባዶ ጉልበቴ ወረድሁበት። አመመኝ፣ ደስም አለኝ። እንዳይደማ ግን በጣም ነው የምጠነቀቅ፣ ቀስ ብዬ ነው የማስለምደው። ስንት እንደሰገድሁ አልቆጥርም፤ የምቆጥረው በጣቴ ተጭኜ ምን ያህል እንደጠጠረ ነው።

ስግደቱ ሲሰለቸኝ ሰዎቹን አያለሁ። አወዳደቃቸውን እያየሁ ቡድን መምረጥ ጀመርሁ። አንድ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ፣ መሬት ሲወርዱ ድምፅ የላቸውም፣ ሲነሡም እንደዚያው፤ እሳቸውን የግራ ክንፍ ላይ አደረግኋቸው። የንስሐ አባታችንን አባ ይሁኔን፣ ትከሻቸው ሰፊ ስለሆነ፣ መሐል ተከላካይ አድርጌ አሰለፍኋቸው። ቅዳሴ ሲያልቅ መስቀል ሊያሳልሙኝ ሲመጡ በልቤ፣ "አባ፣ ወደ ኋላ፣ ሰውዎን ይያዙ" እላለሁ።

የሰው ዓይን ግን የሚያየው ሌላ ነበር። ጠጠር ላይ በባዶ ጉልበቱ የሚሰግድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ! ሴቶቹ ሲያልፉ ግንባሬን ይስማሉ። አንዷ እንዲያውም እንባዋን እየጠረገች፣ "የማን ልጅ ነው? የተመረጠ ነው" አለች። ወሬው ቀድሞኝ ቤት ይገባል። እናቴ አየር ላይ ሆነች። ሽሮ ወጡ ያረፈበትን የእንጀራ መሐል ለእኔ ትቆርሳለች፣ ታናናሾቼ ሲጮሁ "ዝም በሉ፣ ወንድማችሁ ደክሞት ነው የመጣ" ትላለች፣ ገበያ ስትሄድ ሰው ሁሉ እንዲሰማት ቀስ ብላ፣ "ምን አውቃለሁ እኔ፣ እግዜር ሲጠራው ነው እንጂ" ማለት አበዛች። አባ ይሁኔም ቤታችን ጠበል ሊረጩ መጥተው፣ "ይኸ ልጅ ለድቁና ነው አለምነሽ፣ አደራ" አሏት። ድቁና ስትሰማ እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ ጾም መሆኑ ትዝ ብሏት ዘጋችው።

እኔ ምን ገዶኝ። ጉልበቴ እየጠጠረ ነው። ሙላት በየጠዋቱ በእርሳስ ጫፍ እየነካ ይፈትነኛል፤ "ይሰማሃል?" "ትንሽ።" በሚቀጥለው ሳምንት፣ "ይሰማሃል?" "ኧረ ምንም።" ውሸቴን ነው፣ ይሰማኛል፤ ግን ደስታው አፌን ቀደመው። ሙላት ይህን ሲያይ ለእኔ ብቻ የተተወ ነገር እንዳልሆነ ገባውና ለተከላካዮቹ ነገራቸው። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ቅጥሩ ሥር የሰባተኛ ክፍል የኋላ መስመር በሙሉ ተደርድሮ ይሰግድ ነበር። ቀጥሎ አማካዩ መጣ። በመጨረሻ ሙላት ራሱ፣ አጥቂ ስግደት ምን ያደርግለታል ብሎ ሲኮራ የነበረው፣ ጥግ ይዞ ወረደ። አባ ይሁኔ ያን ሰልፍ አይተው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ስብከታቸው ላይ፣ "ስለዚኸ ትውልድ ክፉ ስናወራ ነበር፤ ይቅር ይበለን" አሉ። እኛ እርስ በርስ ተያየን። ስለ ማን እንደሚያወሩ አልገባንም ነበር።

ስቅለት ዕለት ከጠዋት እስከ ሠርክ ወረድን፣ ተነሣን። ከንፈራችን ደርቋል፣ የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ከሆዳችን ጠፍቷል፣ ወይራው ጀርባችን ላይ ሲያርፍ አየሩ ሁሉ ወይራ ወይራ ይላል። እኔ ግን በደስታ ብዛት ረኀቡም አልተሰማኝም። ጉልበቴ ላይ ወፍራም ቅርፊት ነገር ነበረ፤ ስዳስሰው የእኔ አይመስለኝም። ቡሬዎች ይምጡ አልሁ።

ፋሲካ ተፈሰከ። ዶሮው ተበላ፣ ቄጤማው ከራሳችን ሳይወርድ ሰኞ ሆነ፣ እኔ ሱሪዬን ጠቅልዬ ወደ በሩ አቀናሁ።

"ወዴት ነው?" አለች እናቴ።

"ልሰግድ።"

"ምን? በበዓለ ሃምሳ?" ሳቀች። "ስንት ልጅ ጸሎት ጠላ ሲባል፣ የእኔው ደግሞ በዓለ ሃምሳንም ሊሰግድ። እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት የለም ልጄ። ጌታ ተነሥቷል፣ አሁን ደስታ ነው።"

ይህን ከዚያ በፊት ሰምቼው ይሆናል፣ ልብ ብዬው ግን አላውቅም። ስግደት የለም! የቡሬ ጨዋታ ደግሞ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። ሁለት ቀን ሳልሰግድ ቅርፊቱ ከዳሩ መላቀቅ ጀመረ። ከሥሩ የወጣው ቆዳ ቀይና ለስላሳ፣ የሕፃን ቆዳ ነበር። ስንት የለፋሁበት ጉልበት በዓይኔ እያየሁት ሊሄድ። እንባዬ መጣ።

ስለዚህ ማንም ሳይነሣ በማለዳ ከቤታችን ጀርባ ጌሾው ውስጥ ገብቼ መስገድ ጀመርሁ። አንድ ቀን አለፈ፣ ደግሞ አንድ ቀን። በሦስተኛው፣ ተነሥቼ ልወርድ ስል ከጌሾው ማዶ ቆብ አየሁ። እማሆይ ውዳሴያቸውን ደግመው ሲመለሱ ነው። እንደ ቆሙ ቀሩ።

"ማን ሞቶ ነው?" አሉኝ።

ከጉልበቴ ላይ አፈሩን ማራገፍ ጀመርሁ።

"አልሰማህም? ተነሥቷል እኮ። ዐርብ አልቅሰን ጨረስን፣ አሁን የሚሰግድ ሰው እኮ አልተነሣም እንደሚል ነው። ማን አስተማረህ ይኸን? አባ ይሁኔ ናቸው?"

"አይደሉም።"

"ታዲያ ለማን ነው የምትሰግድ?"

 እማሆይን መዋሸት አይቻልም።

"ለቡሬ" አልሁ።

"ለምን?"

"ለቡሬ። ኳስ ልንጫወት ነው። ጉልበቴ እንደርስዎ እንዲሆን ነው። እማየ ምላለች።" ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍሁት፤ መርፌውን፣ መሐላውን፣ ተከላካዮቹን።

እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን በእጃቸው ያዙ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አስለቀስኋቸው ብዬ ደነገጥሁ። "እማሆይ ይቅር ይበሉኝ" ብዬ ስጠጋ እጃቸውን ከፊታቸው ላይ አነሡ። እየሳቁ ነበር። ድምፅ የለውም፣ ግን ማቆም አልቻሉም፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፣ "ለቡሬ" ይላሉ፣ እንደገና ይጀምራቸዋል።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ስትሰማ መጀመሪያ የተመለከተችው እኔን ሳይሆን የግቢውን በር ነው፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። ገበያውን ሁሉ ልጄን እግዜር ጠራው ስትል ከርማ! እጄን ይዛ እየጎተተች አባ ይሁኔ ቤት ወሰደችኝ፣ እማሆይም ከኋላ ተከተሉ። አባ ይሁኔ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

"እንግዲኽ" አሉ በመጨረሻ፣ "ለዚኸ ጥፋት የሚገባህ ስግደት ነበር። እንዳልሰጥህ ደግሞ በዓለ ሃምሳ ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል አባታችን?" አለች እናቴ።

"ጰራቅሊጦስ ይለፍ። ያን ጊዜ ለእግዚአብሔር ይሰግዳል።" ወደ እኔ ዞሩ። "እነዚያ ቅጥሩ ሥር የነበሩት ልጆችስ?"

"እነሱም ተከላካዮች ናቸው አባ።"

"ሁሉም?"

"አማካዮችም አሉ።"

አባ ይሁኔ ጢማቸውን ያዙ። የሕማማቱ ሰሞን ስብከታቸው ትዝ ያላቸው መሰለኝ፣ ጆሮአቸው ቀላ። "ለማንም እንዳትነግር" አሉኝ። ለእናቴም፣ "የደስታ ጊዜ ነው፣ ይሂድ ይጫወት" አሏት።

"ይሂድ። መሐላዬ ግን መሐላ ነው" አለች እናቴ። "ከዚያ ጉልበት ደም ካየሁ አልሰማሁም እንዳይለኝ።"

ቤት ስንመለስ እማሆይ ክፍላቸው አስገቡኝ። በዚያች ክፍል ተቀምጬ አላውቅም ነበር። "ና እዚኸ" አሉኝና እጄን ይዘው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፣ በቀሚሳቸው ላይ። "ቆዳው ቢሞት ሥጋው ያው ሥጋ ነው። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ሳልይዝ የምነሣ ይመስልሀል? አጥንቱ ሌሊቱን ሲጮኽ ነው የሚያድር። እኔ የሰጠሁት ለአምላኬ ነው፣ አይቆጨኝም። አንተ ግን ለቡሬ ብለህ ጉልበትህን እንዲኽ አታደርገውም።" ከዚያ ተነሥተው ከግድግዳው ላይ በርኖሳቸውን አወረዱ። ጥቁር፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ክረምት ዝናብ የማያሳልፍ በርኖስ፤ ሌላ መደረቢያ የላቸውም። ጫፉን በመቀስ ቆረጡት። "እማሆይ" ብዬ ጮኽሁ። "ዝም በል፣ ረዝሞብኝ ነበር" አሉ።

ደራርበው፣ መሐሉን በጥጥ ሞልተው፣ በወስፌ ሰፉልኝ። ማሰሪያውን አባቴ ከጣለው የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቆርጠን አወጣን፤ ያ ላስቲክ ሲለጠጥ ጉልበትን እንቅ አድርጎ ይይዛል። ሲያልቅ እማሆይ ግቢው መሐል አቆሙኝ።

"ውደቅ።"

ወደቅሁ። ምንም አልተሰማኝም።

"በቀኝ ውደቅ።" ወደቅሁ። "አሁን በግራ።" ወደቅሁ። ታናናሾቼ መጥተው ይወድቁ ጀመር። እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው፣ "ዝቅ በል፣ ቶሎ ተነሥ" እያሉ በግቢው ይከተሉኛል፤ ቲቸር ደሳለኝ ያን ቀን ቢያዩዋቸው ሥራቸውን ይለቁላቸው ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። መኪናው አይሱዙ ነው፤ ከቡሬ በርበሬ አምጥቶ፣ አራግፎ ወደዚያው የሚመለስ። ጆንያው ቢወርድም ብናኙ ወለሉ ላይ ቀርቶ ነበር። ከከተማው ወጥተን ፍጥነት ሲጨምር ብናኙ ተነሣ። አነጠስን። ሁላችንም፣ ባንድ ላይ፣ ያለ ማቋረጥ። ሙላት ዘፈን ሊያወጣ ይሞክራል፣ መሐሉ ላይ ያስነጥሰዋል፣ እኛ የምንቀበለው በማስነጠስ ነው። መንገዱ አስፋልት አልነበረም፤ የማንኩሳን ከተማ ስናልፍ የፊታችን አቧራ ቀይ፣ የዓይናችን እንባ ቀይ። ቡሬ ስንደርስ የቡሬ ልጆች አይተውን፣ "ገና ሳይሸነፉ አልቅሰው መጡ" አሉን። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሜዳቸው ከእኛው አይሻልም፣ ጠጠሩ እንዲያውም ይበዛል። ሱሪዬን አውልቄ በቁምጣ ብቅ ስል የሜዳው ዳር ባንድ ጊዜ በሳቅ አለቀ። "ኧረ በረኛቸውን ብርድ ይዞታል፣ ጉልበቱን በርኖስ አልብሰውታል" አለ አንዱ። ከዚያ በኋላ ስሜ በርኖሴ ሆነ። "በርኖሴ፣ እሳት እናንድድልህ?" ይላሉ ከግቡ ጀርባ። ፊቴ ቢግልም አላወለቅሁትም። የመጀመሪያዋ ኳስ ስትመጣ ተወረወርሁ፤ ጉልበቴ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፣ ተነሣሁ፣ አየሁት። ደህና ነው። ሁለተኛዋን ያዝሁ። ሦስተኛዋን በጡጫ መታኋት። ያን ቀን መሬት አላስፈራኝም። መውደቅ እንዴት ያለ ደስታ እንደሆነ ያወቅሁት ቡሬ ላይ ነው። ከዕረፍት በኋላ ሙላት በግንባሩ ገጭቶ አገባ። አንድ ለባዶ። ከግቡ ጀርባ የነበሩት ዝም አሉ።

ሊያልቅ ሲል የቀኝ ጉልበቴ ማሰሪያ ጧ ብሎ ተበጠሰ። በርኖሱ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ወረደ። ላስረው ጎንበስ ስል ጩኸት ሰማሁ፤ የእነሱ አጥቂ፣ ረጅም ጥቁር ልጅ፣ ተከላካዮቻችንን አልፎ ብቻውን እየመጣ ነው። በርኖሱን ከእግሬ አውልቄ ወረወርሁት። ኳሷ እየመጣች ያለችው በቀኜ ነው። በዚያ በኩል ጉልበቴ ራቁቱን ነው፤ በላዩ ያለው የሕፃን ቆዳ ነው። የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ። ቆሜ ባየውስ? ቆሜ ባየው ትገባለች፤ ብወድቅ ኳስ ለዘላለም ቀረ።

መታት።

ምን እንዳደረግሁ ያየ ሰው ነው የነገረኝ። ሁለቱን ጉልበቶቼን ወደ ኋላ አጥፌ፣ ጫማዬን ወደ ሰማይ ሰቅዬ፣ በደረቴና በአገጬ ነው የወደቅሁት። ኳሷ ጣቶቼን ነክታ በግቡ እንጨት ጎን ወጣች። አፌ በአፈር ተሞላ። ቀና ስል ማልያዬ በደም ርሶ ነበር፣ አገጬ ተከፍቷል። የጮኹት የእኛ ልጆች ብቻ አልነበሩም፣ የቡሬም ሰው ይጮኽ ነበር። ቲቸር ደሳለኝ እየሮጡ መጥተው፣ "ይኸ ምን ዓይነት አወዳደቅ ነው? ማን አስተማረህ?" ይላሉ። እኔ ጉልበቴን እየዳሰስሁ፣ "ደምቷል? ቲቸር ይዩልኝ፣ ደምቷል?" እላለሁ።

አንድ ለባዶ አሸንፈን በዚያው መኪና ስንመለስ ያ የበርበሬ ብናኝ አገጬ ውስጥ ገባ። እያቃጠለኝ ዘፈንሁ። ፊሽካው ከተነፋ ጀምሮ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ አንድ ሰው ዝም ያለ አልነበረም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰፈር ደረስን። እናቴና እማሆይ በር ላይ ቆመው ነበር። የማልያዬን ደም ከሩቅ ስታይ እናቴ እጇ ወደ አፏ ሄደ። ቀድሜ፣ "እማየ፣ ጉልበቴ ደህና ነው" ብዬ ሱሪዬን እዚያው መንገዱ ላይ ሰበሰብሁ። እናቴ ቁጢጥ ብላ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችው፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። ተጭና አየችው፣ አጥፋ ዘረጋችው። የላስቲኩ ምልክት እንጂ ጭረት አልነበረበትም። ከዚያ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። 

"ስለ አገጭ አልማልሁም" አለች ወደ እማሆይ ዞራ።

"አልማልሽም" አሉ እማሆይ።

ግቢ አስገብታ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝና ለብ ባለ የጨው ውኃ ማጠብ ጀመረች። እያጠበች ትቆጣለች፤ ስለ ፊቴ፣ ስለ ማልያው፣ ስለ ቡሬ ሰዎች፣ አገር ሙሉ ሰው ስላታለልሁት ስግደት። እኔ ጥርሴን ነክሼ እሰማለሁ። ቁጣው እየሳሳ መጣ። ጨርቁን ጨምቃ፣ እንደገና ነክራ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣

"ለመሆኑ ገባች?" አለች።

"ምኗ?"

"ኳሷ ነዋ።"

"አልገባችም እማየ። በዚህ ወጣች።"

እጇ ቆመ። እኔ ብድግ ብዬ፣ አገጬ ውኃ እያንጠባጠበ፣ እንዴት እንደወደቅሁ ላሳያት እጆቼን ዘረጋሁ።

"ቁጭ በል" አለች፣ ትከሻዬን ይዛ በርጩማው ላይ እየመለሰችኝ። "ቁጭ ብለህ ንገረኝ። ከመጀመሪያው ጀምር።"